ለእንቆቅልሽ የተሰጠች ደሴት

ሙስካት፣ ረጀብ 9 ቀን 1407

ለተከበሩ አክስቴ ለቢ ምዋናቱሙ፣ ጋዚ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጥርስዎን ለሳቅ፣ ጉልበትዎን ለመንገድ ያቆይልን። የወንድምዎ ልጅ ኮምቦ ነኝ። አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ደህና ነኝ። የምሠራው ዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ስለሆነ ባሕር ዳር እየኖርኩ ባሕሩን የማየው በዕረፍት ቀን ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ የጻፍኩት ከአዲሱ ዓመታችን ከምዋካ በፊት እንዲደርስዎ ነው። እዚህ ያለ የሀገራችን ሰው ሁሉ አዲሱን ዓመት ሲያስብ ባሕር ገብቶ መታጠቡን ያስባል። እኔ ግን ትዝ የሚለኝ የማግስቱ ፍለጋችን ነው። ዘንድሮም መለከቱን የሚደብቁት እርስዎ ነዎት አሉ። ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? አያቴ ከባሕር ሲመለሱ የሚነፉትን ያን የዛጎል መለከት ከአንዱ መንደር አንድ ቤት ይደብቁና እኛን ልጆቹን ከደጅ ደጅ ያስኬዱን ነበር። ይህን ሙያ ከእርስዎ በቀር የወረሰ የለም። እርስዎም ባሕሩ ጎድሎ መንገዱን ሲለቅ ያስነሡናል፤ ሳይሞላ ያደርሱናል። አንድም ቀን ውኃ ቀድሞን አያውቅም። ሕፃን ሳለሁ ከኋላዎ እየተከተልኩ የእግርዎን ዱካ እረግጥ ነበር፤ ለአንድ ዱካዎ ሁለት እርምጃ ያስፈልገኝ ነበር። እስከ ዛሬ እደነቃለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ፍለጋው ከጋዚ ይነሣል፣ ምሳምብዌኒ ያርፋል፣ ቦዶ ላይ ያልቃል። ከቦዶ ማዶ ደሴቷ ፉንዚ አለች፤ ፉንዚ ደግሞ እናቴ አለች። በቅርቡ የመጣ የቦዶ ሰው እንደነገረኝ ዘንድሮ ዛጎል ለቀማ እንኳ መውረድ አቅቷታል። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ማዶውን ታያለች አለኝ። የቤተሰባችን ልጆች አንድ ጊዜ ደጇን ሲረግጡ ሳታይ እንዳትሞትብኝ ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ነገሩን እርስዎም ያውቁታል፤ እኔም እናቴ ጭን ላይ ሆኜ አይቻለሁ። በልጅዎ ሰርግ ለት ሴቶቹ እንቆቅልሽ ገጥመው እርስዎ እናቴን «በቀን ሁለቴ ደጃችን ይመጣል፤ አይጣራም፣ አይገባም፤ ሲሄድ ግን መንገድ ትቶልን ይሄዳል» አሏት። እኔ እንኳ አፌን ልከፍት ስል እጇን አፌ ላይ ጫነችው። ልጅ በትልቅ ሰው ጨዋታ አይገባም ማለቷ መስሎኝ ዝም አልኩ። «አላወቅኩም» አለች። አገር ስጪኝ አሏት። ሞምባሳን ብትሰጥ እምቢ፣ ላሙ ደሴትን ብትሰጥ እምቢ፤ «ፉንዚን ካልሆነ» አሉ። ሰጠች። «ፉንዚ ገብቼ ምን አጥቼ! ከእንግዲህ ያለ እኔ ፈቃድ የሚገባባትም የሚወጣባትም የለም» ብለው ድንኳኑን አሳቁት። ወዲያው የሙሽራው ጀልባ መጣ ተባለና ሁላችሁም ወጣችሁ፤ መልሱ ሳይነገር ቀረ። መልሱ ካልተነገረ ደግሞ አገር አይመለስም።

እናቴ «አገር የሌላት ሰው እንግድነት አትሄድም» ብላ ቀረች። እርስዎ «መጥታ ትጠይቀኝ» ብለው ቀሩ። መጀመሪያ ሁለታችሁም እየሳቃችሁ ነበር። ሳቁ መቼ እንዳለቀ ያየ ሰው የለም። አባቴ ሲሞት ለቅሶውን እርስዎ ጋዚ ተቀመጡ፣ እሷ ፉንዚ ተቀመጠች። አክስቴ፣ ዘንድሮ ፍለጋውን ያሻግሩልኝ።

ልጅዎ ኮምቦ

*

ጋዚ፣ ሸዕባን 6 ቀን 1407

ለወንድሜ ልጅ ለኮምቦ፤

ወዓለይኩም ሰላም። ያ የቀዘቀዘ ቤት አጥንትህ ውስጥ እንዳይገባ አላህ ይጠብቅህ። ምርቃትህ አጭር፣ ልመናህ ረጅም ሆነብኝ፤ አባትህም እንዲሁ ነበር። ጉልበትዎን ለመንገድ ያቆይ ብለህ ለጻፍከው አሚን ብያለሁ፤ ጉልበቴ ግን አልሰማህም። ሁለት ዓመት ሆነኝ ልጆቹን አስነሥቼ በመኪና ቦዶ ቀድሜ መጠበቅ ከጀመርኩ።

መለከቱ የት እንደሚደበቅ ለማንም አልናገርም። የደባቂ አፍ የተሰፋ ነው፤ አባቴ ሲያስተምሩኝ መጀመሪያ የነገሩኝ ይህንኑ ነው። አንተም ብትሆን ፈላጊ ነህ፤ ሩቅ ስላለህ አይቀርልህም። ስለዚህ በዚህ በኩል ከእኔ ምንም አትጠብቅ።

ስለ እናትህ ያልከውን አነበብኩ። እናትህ አንደበት አላት። ፉንዚን ከፈለገች ጀልባ አለ፣ እኔም ቤቴ አለሁ። ሰው የራሱን አገር ለመጠየቅ ልጁን ከሙስካት ያስጽፋል? ደግሞስ እንዲያ ያለ እንቆቅልሽ የደሴት ልጅ ይጠፋታል? ማንም የሚፈታው ነበር። እኔማ መልሱን ስትነግረኝ ልስቅና ላቅፋት ተዘጋጅቼ ነበር። «አላወቅኩም» ስትለኝ ግራ ገባኝ፤ ግራ ሲገባኝ ደግሞ ቀልድ አበዛለሁ። ይብቃኝ፣ ነገርን ነገር ያነሣዋል።

ይልቅ ለልጆቹ የምትሠራልኝ ሥራ አለ። ከምሳምብዌኒ ወዲያ ያለው የባሕር ድንጋይ አምና የሁሉንም እግር ቆራርጦት ነበር። እዚያ ሙስካት ውኃ የማይፈራ የላስቲክ ጫማ ሞልቷል ይላሉ። የየልጁን እግር በክር ለክቼ ቆርጬ ልኬልሃለሁ። በክሩ ጫፍ ያለው ቋጠሮ የልጁ ምልክት ነው፤ እንዳትፈታብኝ። ሱቅ ገብተህ ክሩን ጫማው ውስጥ ዘርጋው፤ ተርፎ ከታጠፈ ጫማው ጠቧል ማለት ነው። ቀይ ለሴቶቹ እንዳትል፣ ሁሉም ቀይ ነው የሚፈልጉት።

ሰው «ኮምቦ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ዓሣ ያቀዘቅዛል» እላለሁ። «ባሕሩ አይበቃቸውም?» ይሉኛል።

አክስትህ ምዋናቱሙ

*

ሙስካት፣ ረመዳን 3 ቀን 1407

ለተከበሩ አክስቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጾሙን አላህ ይቀበልዎ፣ ማፍጠሪያዎን በሰው የተሞላ ያድርግልዎ።

ጫማዎቹን ገዝቻለሁ፤ ሁሉም ቀይ ናቸው። ባለ ሱቁ በክር የሚለካ ሰው ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ግን እያንዳንዱን ክር ከእኔ እየተቀበለ እሱ ራሱ ይለካ ጀመር። ሞምባሳ በሚደርስ መርከብ ላይ የሚሠራ ወጥ ቤት ጓደኛዬ ያመጣልዎታል።

አሁንም እጨቀጭቅዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ የቦዶ ሰው ያኔ ያልነገረኝን ትናንት ነገረኝ። በየዓመቱ የፍለጋው ዕለት እናቴ ጠዋት ታጥባ፣ አዲስ ካንጋዋን ለብሳ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች አለ። ነፋሱ ከቦዶ ከነፈሰ መለከቱ ይሰማታል። ሲነፋ «ማን አገኘው?» ብላ ጎረቤቷን ትጠይቃለች። ጎረቤቷ ከየት ታውቃለች? እናቴም ተነሥታ ትገባለች።

አክስቴ፣ ይህን ከሰማሁ ወዲህ በማፍጠሪያም ምግብ አልበላ ብሎኛል። እናቴ የሚመጣውን ምዋካ ትድረስ አትድረስ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ውሌ ስላላለቀ መምጣት አልችልም። እርስዎ ይችላሉ።

ኮምቦ

*

ጋዚ፣ ሸዋል 11 ቀን 1407

ለኮምቦ፤

ዒድህ የተባረከ ይሁን። ጫማዎቹ ደርሰዋል። ልጆቹ ተጫምተውት ተኙ፤ የልጅ ልጄ ሚሺ ጭራሽ ትምህርት ቤት ልትሄድበት አለች። እጅህን አይንሳን።

አንድ ክር ጨምሬ ልኬአለሁ። ይህ ትልቅ እግር ነው፣ ቀይ አይሁን። የማን ነው ብለህ አትጠይቀኝ።

ሌላ ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ፤ እናትህ ድሮ ሩዝ ስትሠራ የኮኮናት ወተቱን ታበዛው ነበር፣ እኔም «አይበዛም?» እያልኩ ሁለቴ እጨምር ነበር። አሁንም እንደዚያ ታበዛዋለች? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ምዋናቱሙ

*

ሙስካት፣ ዙልቃዕዳ 2 ቀን 1407

ለተከበሩ አክስቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ክሩን መሬት ላይ ዘርግቼ ብዙ ቆየሁ። ከጎኑ እግሬን አሳርፌ አየሁት። ያን ዱካ አሁን በአንድ እርምጃ እረግጠዋለሁ፤ ቢሆንም ከእኔ እግር ይበልጣል። የማን ነው አልልም።

ሰማያዊ ጫማ ልኬአለሁ፤ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ጉልበት ለሚያመው ይስማማል ብሎኛል ባለ ሱቁ። የቦዶው ሰው እንዳለኝ እናቴ ሩዙን አሁንም እንደዚያው ነው የምትሠራው፤ ወተቱ ይበዛል።

ኮምቦ

*

ሙስካት፣ ዙልሒጃ 13 ቀን 1407

ለተከበሩ አክስቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ምዋካ አለፈ፣ ዒድ አለፈ፤ ከእርስዎ ቃል የለም። የቦዶውም ሰው ወሬ አልመጣለትም። የሀገር ቤት ስልክ የደረሰው ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። አልተሻገርንም ይበሉኝ፣ እችለዋለሁ። እናቴ ደህና አይደለችም ከሆነም ይንገሩኝ። ዝም አይበሉኝ ብቻ።

ኮምቦ

*

ጋዚ፣ ዙልሒጃ 27 ቀን 1407

ለወንድሜ ልጅ ለኮምቦ፤

ወዓለይኩም ሰላም። እናትህ በሕይወት አለች፤ ይህን አስቀድሜ ልጻፍልህ፣ የቀረውን ተረጋግተህ አንብብ። ደብዳቤህን ያገኘሁት ትናንት ነው፤ ቤቴ አልነበርኩም። የት እንደነበርኩ በተራው እነግርሃለሁ፣ ወደ ታች ዘለህ እንዳታይ።

ከምዋካ በፊት መለከቱን ጠቅልዬ በቦዶው ሽማግሌ ጀልባ ሠሪ በምዜ ሻይቡ እጅ ለእናትህ ላክሁት። «ልጆች ይመጣሉ፣ ደብቂው» ከማለት በቀር ቃል አልጨመርኩም። ሻይቡ ሲመለስ «ተቀበለችኝ» አለ።

«ምን አለች?»

«ምንም።»

«ፊቷስ እንዴት ነበር?»

«እኔ ጀልባ ነው የምሠራ ምዋናቱሙ፣ ፊት አላነብም» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ለት ወዲህ እንቅልፌ ጠፋ። ደጇን ዘግታ ብትጠብቀንስ? ልጆቹን ይዤ ከተዘጋ በር ፊት ብቆምስ?

በምዋካ ማግስት ባሕሩ መንገዱን ሲለቅ ሰማያዊውን ጫማ አድርጌ ከፊት ወጣሁ። ልጆቹ ተያዩ። ሚሺ «አያቴ፣ መኪናው አይመጣም እንዴ?» አለችኝ። «ዘንድሮ እግሬን ያሳክከኛል» አልኳት። ጫማህ ጥሩ ነው፤ ባለ ሱቁን አመስግነው።

ምሳምብዌኒ ያቺ ዳቦ ሻጭ እንደምታውቃት ናት፤ አርጅታለች እንጂ አልተለወጠችም። እያንዳንዱን «የማን ልጅ ነህ?» እያለች ሰባት ቤቱን ሳታስቆጥር ፍንጭ አትሰጥም። የተሳሳተ ይጨፍራል። አራቱ ጨፈሩ። ከዚያ «እንጨትን ዋና የሚያስተምር ሰው ዘንድ ሂዱ» አለቻቸው። ጀልባ ሠሪ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ወደ ቦዶ ሮጡ፣ እኔም ከኋላ እያነከስኩ።

ሻይቡ መዶሻውን ሳያስቀምጥ የሰጠሁትን ቃል ተናገረ፤ «መለከቱ ያለው አገር የሌላት ሴት ዘንድ ነው።»

ልጆቹ ተንጫጩ። ትልልቆቹ ግን ነገሩን ያውቃሉ። ሚሺ «አገር የሌለው ሰው አለ እንዴ?» ብላ እያንዳንዱን ጠየቀች። ሁሉም እኔን ያየኛል። እኔ ማዶ ውኃው ውስጥ የበቀለውን የማንግሮቭ ዛፍ አየሁ። ሻይቡ ጀልባውን ገፋና «የሚሻገር ይውጣ» አለ። መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ።

በሩ ክፍት ነበር ኮምቦ። ምንጣፍ ሁሉ ተነጥፎ፣ እሷ አዲስ ካንጋ ለብሳ መሐል ተቀምጣ። ከስታለች፤ አልዋሽህም። እጇ ሲታይ አጥንት ነው። ግን ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ የመርከብ አለቃ ትመስላለች። ልጆቹን አንድ በአንድ «የማን ልጅ ነሽ? የማን ልጅ ነህ?» እያለች አስቆጠረች። አይታቸው የማታውቃቸውን ልጆች ሁሉ ማን ከማን እንደተወለደ ታውቃለች። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

ልጆቹ ሳቁ። ምን ላድርግ? እንደ ሕፃን ቆሜ ሰባት ቤቴን ቆጠርኩ። አምስተኛው ላይ ስቼ አረመችኝ። የእኔን አባቶች ከእኔ ይልቅ እሷ ይዛቸዋለች። «አያቴንስ አታስጨፍሪያትም?» አለች ሚሺ፤ እናትህ «ጉልበቷን ያማታል፣ ምሬያታለሁ» አለች። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ማን እንደነገራት እንጃ።

ከዚያ «በይ፣ መልሴን አምጪ» አለችኝ።

«እንቆቅልሽ» አልኩ።

«ምን አውቅልሽ።»

«በቀን ሁለቴ ደጃችን ይመጣል…» ብዬ ሳልጨርስ «የባሕር ሙላት ነው» አለች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እታለም፣ የደሴት ልጅ እኮ ነኝ። ስወለድም ሙላቱ እናቴ ደጅ ላይ ነበር። በሰርጉ ለትም አውቄው ነበር። ኮምቦም አውቆት ሊጮህ ሲል አፉን ያፈንኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አገርሽን ለምን ሰጠሽኝ?»

«የልጅሽ ሰርግ ነበር። ከቫንጋ የመጡት አማቾችሽ ተደርድረው ‹የሙሽራዋ እናት እንቆቅልሽ የሕፃን ነው› ሲሉሽ ልስማ? አንድ ሌሊት ብትይዣት ፉንዚ ምን ትሆናለች አልኩ። በማግስቱ ትመልሽልኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ።» ቀጥላም «ከዚያ በማግስቱም ጠበቅኩ» አለች።

መጥታ ትጠይቀኝ እያልኩ የኖርኩት ያልረታኋትን ሰው ነው። እሷ ያን ሁሉ ዘመን «አውቄው ነበር» ብላ አንድ ቃል ብትናገር እኔ በሰፈሩ መሳቂያ እሆን ነበር። አልተናገረችም። ለጎረቤት አልተናገረችም፣ ለወንድሜ አልተናገረችም፣ ለአንተ ለአብራኳ ክፋይ እንኳ አልተናገረችም። ኮምቦ፣ እናትህ ትልቅ ሰው ናት። እኔ ምዋናቱሙ ይህን በእጄ ጽፌልሃለሁ፤ ደብቀህ አታስቀምጠው፣ ለሰው አንብበው።

ፉንዚን መለስኩላት። እንደ ሥርዓቱ በሰው ፊት «ፉንዚሽ ይኸው፣ በደህና ጠብቄያታለሁ» አልኳት። «ጉድጓዷ ውኃ ቀንሷል» አለችኝ። እንግዲህ ይህችን ለመመለስ እንኳ ጊዜ አልወሰደባትም።

መለከቱን ሚሺ ከሩዝ ጆንያው ውስጥ ጎትታ አወጣችውና ደጃፉ ላይ ቆማ ነፋችው። ቦዶ ድረስ ተሰምቶ ሴቶቹ ከማዶ እልል አሉ። እናትህ ልጅቷ ከፊቷ ቆማ እየነፋች ሳለ «ማን አገኘው?» አለች። ልማድ ነው። ሚሺ መለከቱን ካፏ አውርዳ «እኔ ነኝ አያቴ» አለቻት። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ጭሱ ነው አልኩ።

ልጆቹ ተመለሱ፣ እኔ ቀረሁ። ስትደክም እኔ አበስላለሁ፣ ስትበረታ እሷ ታበስላለች። ወተቱን አሁንም ታበዛዋለች፤ እኔም አሁንም ሁለቴ እጨምራለሁ። በጠዋት እጇን ይዤ እስከ ውኃው ጫፍ እንወርዳለን፤ ትንሽ ትንሽ እየተራመደች ነው። ጋዚ የመጣሁት ልብሴን ለመያዝ ነው፣ ነገ ወደ ፉንዚ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባለፈው ከምሳ በኋላ «እንቆቅልሽ» አለችኝ።

«ምን አውቅልሽ?»

«ሲወጣ በሩን አልዘጋም፤ እስከ ዛሬ ነፋስ ይገባል።»

አላወቅኩም አልኳት። አውቄው እንደሆነ አንተ አትጠይቀኝ፤ የደባቂ አፍ የተሰፋ ነው። አገር ስጪኝ አለች። ላሙ ደሴትን ብሰጣት ሩቅ ነው አለች፣ ሞምባሳን ብሰጣት ጩኸት አልወድም አለች። ሙስካትን ሰጠኋት።

«ሙስካት ገብቼ ምን አጥቼ!» አለች፤ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ዘመን ሆኖኛል። «በከተማዬ አንድ የፉንዚ ልጅ ዓሣ ያቀዘቅዛል አሉ። ለሚመጣው ምዋካ ይላክልኝ። ቃሌ ነው።»

ትእዛዙን አድርሻለሁ።

አክስትህ ምዋናቱሙ

*

ሙስካት፣ ሙሐረም 20 ቀን 1408

ለሙስካት ገዢ ለእናቴ ለቢ ምዋናሲቲ፣ በአክስቴ እጅ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ትእዛዝዎ ደርሶኛል፣ እናቴ። አክስቴ እንዳሉኝ ደብዳቤውን ለሰው አነበብኩት፤ ማቀዝቀዣ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሥራ አቁመው ሰሙኝ፣ የቦዶው ሰው ሁለቴ አስነበበኝ። ለአለቃዬም የከተማው ባለቤት እንደምትፈልገኝ ነግሬዋለሁ፤ አልገባውም፣ ግን ፈቅዷል። ውሌ ሲያልቅ አላድስም።

አክስቴ፣ ከዚህ ጋር አንድ ክር አለ። የራሴ እግር ልክ ነው። ቋጠሮውን ሳይፈቱ እናቴ ደጃፍ ላይ፣ ቁጭ ብላ በምታየው በኩል ዘርግተው ያኑሩልኝ። ባሕሩ ጎድሎ መንገዱን ሲለቅ ከጋዚ አብሬያችሁ ተነሥቼ፣ ክሩ ላይ የሚያርፈውን እግር ይዤላት እመጣለሁ። ከገባሁ በኋላ በሩን እኔ ራሴ እዘጋዋለሁ።

ልጃችሁ ኮምቦ